የተቀባ ዝገት

የባሌ ወንድም ባሌን በጥፊ ያጮለው «ዝገት» ስላለ ነው። ሌላ ምንም አላለም። የማኅበራችን ጀልባዎች ወደ ባሕር በሚወርዱበት ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ባሌ ኤንሲዮ ከጀልባችን ሆድ ብቅ ብሎ መዳፉን ዘረጋና «ይሄ ቀለም ነው እንጂ ብረት አይደለም ራውኖ፤ ከሥሩ ዝገት ነው» አለ። መዳፉ ላይ እንደ ደረቅ ዳቦ ቅርፊት የተፈረካከሰ ቡናማ ነገር ነበር። ራውኖ አየው፣ ወዲያው ያን አካፋ የሚያህል እጁን አነሳ። ድምፁ ክሬኑ ድረስ ተሰማ። ባሌ ሃምሳን ያለፈ ሰው ነው። በሄልሲንኪ ጎዳናዎች ትራም ሙሉ ሕዝብ ይዞ የሚሄድ፣ ሰካራሙን ሁሉ በአንድ ቃል የሚያስወርድ ሰው ነው። እዚያ ግን ጉንጩን እንኳ አልዳሰሰም። ዝገቱን ሱሪው ላይ ጠረገና መሬት መሬቱን አየ። ግራና ቀኝ የነበሩትስ? በስተግራ ያለው ሰውዬ የጀልባውን ሆድ ሲቀባ ነበር፤ መቀባቱን ቀጠለ። በስተቀኝ ያለችው ሴትዮ ደግሞ «ዛሬ ነፋሱ ደህና ነው» አለች፤ ለማን እንዳለች እግዜር ይወቀው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እኛ አገር ዝንቡ ራሱ ተስፋ ቆርጦ ሄዷል።

ጀልባዋ ኢልታ ትባላለች። የሁለቱ ወንድማማቾች ናት ይባላል፤ የሚነዳት ግን ራውኖ ነው፣ የሚያጥባት ኤንሲዮ። አሮጌ የእንጨት ጀልባ ናት፤ ጓዳዋ ውስጥ ሁለት ሰው ጉልበት ለጉልበት ሳይነካካ አይቀመጥም፣ ፍራሹ ናፍጣና ሻጋታ ይሸታል፣ መስኮቷ ላይ ማንም የማያነሳቸው የሞቱ ንቦች አሉ። ከመንጃው ሥር ወለሉ ላይ ክዳን አለ፤ ክዳኑ ሲነሳ ሞተሩ ይታያል። ሞተሩ አራት እግር አለው፤ እያንዳንዱ እግር ከላይ ብረት፣ ከሥሩ ወፍራም ጎማ ሆኖ ከሁለት የእንጨት ግንዶች ጋር በብሎን ይታሰራል። እግሮቹ ደህና ከሆኑ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል እንጂ ከቦታው አይነቃነቅም። የኢልታ ሞተር ፓምፕ ግን የባሕር ውኃ ያንጠባጥባል፤ የሚያንጠባጥበውም ፊት ለፊት በስተግራ ባለው እግር ላይ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ጠብ፣ ጠብ። ባለፈው ዓመት ጀልባዋ ከባሕር ስትወጣ ኤንሲዮ እግሮቹ ይቀየሩ አለ። ራውኖ አንድ ቆርቆሮ ግራጫ ቀለም ገዝቶ መጣና ዝገቱን ከነነፍሱ ቀባው። «ይኸው አዲስ አደረግኋት» አለ። ገንዘብ ቸግሮት እንዳይመስላችሁ፤ ሱቅ ያለው፣ መኪና በየሁለት ዓመቱ የሚቀይር ሰው ነው። የቸገረው ታናሽ ወንድሙ ትክክል መሆኑ ነው።

እኔ በዚያን ቀን የተመደብኩት ቋሊማ ጥብስ ላይ ነበር። ማኅበሩ ሁሉንም ሰው አንድ ሥራ ላይ ይመድባል፤ ከሥራ መቅረት ነውር ነው። ጥፊውን ሳይ ግን መቆንጠጫውን እንደያዝኩ መጣሁ። ደሜ ፈልቷል።

«ራውኖ፣ እጅህን ሰብስብ» አልኩት።

«ሂልካ፣ አንቺ ቋሊማሽን ጥበሺ» አለኝ፤ ፊቱን እንኳ ሳያዞር።

«ሰው ነው እኮ የመታኸው። ባሌን ነው የመታኸው።»

«ወንድሜን ነው የመታሁት። ካንቺ በፊት ወንድሜ ነበር።» ከዚያ የመሣሪያ ሣጥኑን በእርግጫ አለው፤ መፍቻው ሁሉ ጠጠሩ ላይ ተበተነ። «ዓመቱን ሙሉ ሲተኛ ከርሞ ዛሬ፣ ክሬኑ ቆሞ እያየ፣ ዝገት አገኘሁ ይለኛል!»

ውሸት ነው። ዓይን ያወጣ ውሸት። ኤንሲዮ ግን አላስተባበለም፤ ጎንበስ ብሎ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር። እሱ ሲለቅም ማየት ከጥፊው የባሰ አንጀቴን አሳረረኝ።

ክሬኑ የሚመጣው በፀደይ አንድ ቀን ብቻ ነው። ሁሉም ወረፋ አለው። ክሬኑ ጀልባዋን በሁለት ሰፋፊ ቀበቶዎች ታቅፎ ከመሬት ያነሳታል፣ ባሕሩ ላይ ያስቀምጣታል፣ ቀበቶው ይላላል። ያኔ ባለቤቱ ሞተሩን አስነስቶ ወዲያው ቦታውን መልቀቅ አለበት፤ ምክንያቱም ቀጣዩ ጀልባ ጠርዙ ላይ ተሰልፏል። ያልደረሰለት ሰው በጋውን ሙሉ ጀልባውን መሬት ላይ አስቀምጦ ያያል። የደረሰለትና ቦታውን ያልለቀቀ ሰው ደግሞ፣ እሱስ ባይፈጠር ይሻለዋል። እኛ ሰው ገድሎ የመጣን ሰው ምናልባት ቁጭ በል ብለን ቡና እንቀዳለት ይሆናል። ወረፋ ያቆመን ግን አንምርም። አንሰድበውም፣ አንቆጣውም፤ ሰላምታ መስጠት ብቻ እናቆማለን፤ እስኪያረጅ ድረስ።

ወደ ጓዳው ገባሁ። ኤንሲዮ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ጉንጩ ቀልቶ የራውኖ ጣቶች አንድ በአንድ ይታያሉ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጉልበታችን ተነካካ። ከውጭ ራውኖ በመጥረቢያ እንጨት ሲፈልጥ ይሰማል።  በሃያ ምናምን ዓመት ትዳራችን የተነጋገርነውን ብሰበስበው የአንድ ቀን ወሬ አይሞላም፤ ሁሉን ነገር ሆድ ይፍጀው ብለን ነው የኖርነው።

«ምን እየፈለጠ ነው?» አልኩት።

«ሽብልቅ። እግሩ የተበላበት ቦታ እኔ ሽብልቁን በሥሩ አስገብቼ እይዛለሁ። እሱ አስነስቶ ቀስ ብሎ ያወጣታል። እስከ ማዶው ማሰሪያ ነው እኮ፤ ድንጋይ ብትወረውሪ ይደርሳል።»

«በእጅህ ልትይዝ? የሚሠራ ሞተር?»

«ከዚያ እፈታዋለሁ። አዲስ እናዛለን።»

«ኤንሲዮ፣ ስማኝ። እጅህን ቢያገኝህ ትራሙን በምን ልትነዳ ነው? በጥርስህ? እምቢ በለው። አንዲት ቃል ናት።»

ከፍራሹ ጠርዝ የተፈታውን ክር ይመዝ ጀመር።

«እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እጅህን ከከተትክ ማታ ቤቴ እንዳትመጣ።»

«ቤታችን ነው» አለ ቀስ ብሎ። ቀልድ ይሁን አይሁን አላወቅሁም። ከዚያ በሩ ላይ የራውኖ ሰፊ ትከሻ ብርሃኑን ጋረደው፤ አዲስ የተፈለጠ የኦክ እንጨት ሽብልቅ ወደ ኤንሲዮ ደረት ወረወረ። ደረቱን መትቶት ጭኑ ላይ ወደቀ። ኤንሲዮ አነሳና ጠርዙን በአውራ ጣቱ አሻሸ፣ ሰው ስጦታ እንደተቀበለ ያህል።

ወረፋችን ደረሰ። ክሬኑን የሚያዘው ዑርፖ የሚባል ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ቀበቶዎቹ በኢልታ ሆድ ሥር ሲገቡ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። ሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር መናገር እንዴት እንደሚያሳፍር የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

«ዑርፖ፣ የሞተሩ እግር ተበልቷል። ቀለም ነው የያዘው። አታውርዳት።»

ዑርፖ ወደ እኔ አላየም፤ ወደ ራውኖ አየ። «ባለቤቱ ምን ይላል?»

«ዝግጁ ነን» አለ ራውኖ።

ዑርፖ እግዜር ይስጠው ዞር ብሎ ሌላውንም ጠየቀ። «ኤንሲዮ? አንተስ?»

ከኋላችን ተሰልፈው የሚጠብቁት ሁሉ ድንገት የጫማ ክራቸውን ማየት ጀመሩ። ኤንሲዮ ሽብልቁን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። እኔ በልቤ «በል! በል እንጂ!» እያልኩ ነበር፤ ከንፈሬም ሳይንቀሳቀስ አልቀረም። አየኝ። ወንድሙን አየ። ወረፋውን አየ።

«ዝግጁ ነን» አለ።

እኔም ጀልባዋ ላይ ወጣሁ። ከዚህ በኋላ ምድር ላይ ቆሜ ማየት አልቻልኩም። ጫፉ ላይ የብረት መንጠቆ ያለውን ረጅም ዘንግ ይዤ ከራውኖ ኋላ ቆምኩ፤ ጀልባዋ ከድንጋዩ ግንብ እንዳትላተም መግፊያ ነው። አየር ላይ ተንጠለጠልን። ውኃው ደረሰን። ቀበቶው ላላ። አፍንጫዋ ወደ ግንቡ ስለዞረ ለመውጣት ወደ ኋላ መንዳት ግድ ነበር። ኤንሲዮ በክዳኑ ቀዳዳ ወርዶ በሆዱ ተኛ፤ ከላይ የሚታየኝ ጀርባውና የቀኝ ክንዱ ብቻ ነው። «እኔ እስክልህ ማርሽ እንዳታስገባ!» ብሎ ጮኸ። ራውኖ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ጥቁር ጢስ ተፍቶ ተነሳ። ወለሉ ከእግሬ ሥር ሲርድ ተሰማኝ። ነፋሱ ወደ ግንቡ ገፋን፣ እኔ በዘንጉ መለስኳት። ከላይ ዑርፖ ፊሽካውን አንዴ ነፋ፤ አንዴ ብቻ፣ በጨዋነት። የቀጣዩ ጀልባ ባለቤት ሰዓቱን አየ። በቃ። ይቺ ነበረች ራውኖን ያሳበደችው። ኤንሲዮ ገና ምንም ሳይለው ራውኖ ማርሹን ወደ ኋላ መታውና የነዳጁን እጀታ እስከ መጨረሻው ገፋው።

አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ። ሞተሩ እንደታሰረ በሬ ዘለለ። የፊት ግራው እግር ተበጥሶ የሞተሩ ጥግ ወደ ታች ወረደ፣ ሽብልቁ ተፈናጥሮ የጓዳውን በር መታ። ከዚያ ባሌ ጮኸ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሱ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። እጁ በሞተሩ ብረትና በእንጨቱ ግንድ መካከል ነበር፤ ሞተሩም እየሠራ ነው፣ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ በተንቀጠቀጠ ቁጥር እጁን ያላምጣል። ደሙ ናፍጣው ላይ ተረጨ።

አሁን የምናገረውን አስተውላችሁ ስሙኝ። ራውኖ ሰምቷል። በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ። ወደ ታች አየ፤ ክንዱን አየ፤ ደሙን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ክሬኑን አየ። እጁን ከነዳጁ ላይ አላነሳም። «አንዴ! ከዚህ ልውጣ!» አለ። ለወንድሙ ነው ያለው። አንዴ ከወረፋው ቦታ ልውጣ አለው። ወንድሙ ሥጋው እየተፈጨ እሱ አንገቱን አዙሮ ወደ ኋላ እያየ፣ ሌላ ጀልባ እንዳይነካ እየተጠነቀቀ ነዳ። ጩኸቱን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

በዘንጉ መታሁት። አላነጣጠርኩም፣ አላሰብኩም። መንጠቆው ግንባሩን ሰነጠቀው። ተንገዳገደ፤ እጁ ግን አሁንም ነዳጁ ላይ ነበር፣ ሞኝ የያዘውን አይለቅም። ደገምኩት፤ ጆሮው ላይ። ያኔ ለቀቀና ጎኑን ከብረት አጥሩ ጋር አላተመ። ማጥፊያውን ሳብኩ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ሞተ። ፀጥታው ውስጥ ጀልባዋን የሚገፋው የፕሮፔለሩ ብረት ከሚወጣበት በኩል ውኃ ሽው እያለ ሲገባ ይሰማል። ራውኖ ደም ዓይኑን ሞልቶት ተነሳና ፀጉሬን ጨመደደ፤ ጭንቅላቴን ወደ ባሕሩ አዘነበለው። «ልትገድይኝ ነው! አንቺ ከይሲ!» እኔም ጥፍሬን አንገቱ ውስጥ ቀበርኩት። ነከስኩት። ያን ቀን ቢተዉን ኖሮ ከሁለት አንዳችን እዚያው እንቀር ነበር። ከሥር ግን ኤንሲዮ «እባካችሁ» አለ። ጩኸቱን ጨርሶ ነበር። «እባካችሁ፣ እጄን።»

ተላቀቅን። የመቀመጫውን ሳንቃ ነቅለን በሞተሩ ሥር አስገባን፤ ራውኖ ከላይ ተጫነ፣ እኔ ከሥር በትከሻዬ ገፋሁ። የእሱ ደም አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል፣ ትንፋሹ ጆሮዬ ላይ ነው። እሱን የሚያክል ጠላት በዓለም ላይ የለኝም ከምለው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆኜ አቃሰትኩ። ሞተሩ ተነሳ። የወጣው ነገር እጅ አይመስልም ነበር። ሹራቤን አውልቄ ጠቀለልኩት።

ከሰዎቹ አንዱ ገመድ ወረወረልን፣ ወደ ጎን ጎተቱን፣ ሁለት ሰዎች ፓምፕ ይዘው መጥተው ውኃውን ይቀዱ ጀመር። ሁሉም በጣም ጨዋ፣ በጣም ዝምተኞች ነበሩ። ዑርፖ አምቡላንስ ጠራ፤ ስልኩን እንደዘጋ ፊሽካውን ነፋና ቀጣዩ ጀልባ ወረደ። ግንቡ ላይ ስንወጣ ያቺ የነፋሷ ሴትዮ ብርድ ልብስ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝና በሹክሹክታ «ቋሊማውን እኔ ገለባብጬዋለሁ» አለችኝ። ምን እላታለሁ? አመሰገንኳት።

የሆስፒታሉ ክፍል ነጭና ሞቃት ነበር፤ መስኮቱ የመኪና ማቆሚያውን ያያል። ኤንሲዮ ከቀዶ ጥገናው ሲወጣ ሁለት ጣት አልነበረውም፤ ሐኪሟ የቀሩትም ይታጠፉ እንደሆነ በጋው ካለፈ በኋላ ነው የሚታወቀው አለች። ትራም የሚነዳበት ቀኝ እጁ። አልጋው ጎን ተቀምጬ የተጠቀለለውን ነገር አየሁ። ማታ ቤቴ አትምጣ ያልኩትን አስታወስኩና አፈርኩ፤ ቤት ወስጄ እንዴት እንደማጥበው፣ የሸሚዙን ቁልፍ እንዴት እንደምቆልፍለት ማሰብ ጀምሬ ነበር። ራውኖ ግንባሩን ተሰፍቶ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። አንድ ጊዜ ገብቶ ከማሽን የገዛውን ቸኮሌት አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። «ነቃህ?» አለው። «ነቃሁ» አለ ኤንሲዮ። ይኸው ነው የተነጋገሩት። ራውኖ ወጣ። ኤንሲዮ በግራ እጁ ቸኮሌቱን ወደ ራሱ ሳበው።

አመሻሹ ላይ ፖሊስ መጣች። ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት። እሰይ፣ አንድ ሰው ሊጠይቅ መጣ ብዬ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። እሷ ግን የመጣችው ለእጁ አልነበረም። የመጣችው ለራውኖ ግንባር ነው። ራስ ቅሉ የተፈነከተ ሰው በአምቡላንስ መጥቷል፣ በዘንግ ተመታሁ ብሏል፣ ስለዚህ መጠየቅ ግዴታ ነው።

«እጁስ?» አልኳት።

«የጀልባ አደጋ ተብሎ ነው የተነገረን።» ወደ ኤንሲዮ ዞረች። «ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አለ። «እጄ ሸርተት ብሎ ነው።»

«ወንድምህ ስትጮህ ሰምቶህ ነበር?»

«ሞተር እየሠራ ምን ይሰማል?» ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሏል።

«ኤንሲዮ!» አልኩ። «አንዴ ልውጣ ብሎሃል! ሰምተኸዋል!»

ፖሊሷ እጇን በቀስታ ወደ እኔ ዘረጋች፤ ቆይ ማለቷ ነው። «ሚስትህ ወንድምህን መታችው?»

 ስለ ራሴ አልፈራሁም። ባሌ የሰው ስም ጠርቶ «እሱ ነው ያደረገው» ሲል አንድ ቀን ልሰማው እመኝ ነበር፤ ስንት ዓመት ተመኘሁት። ኤንሲዮ ቸኮሌቱን ደረቱ ላይ አስቀመጠ። 

«አዎ» አለ። «በዘንጉ። ሁለት ጊዜ።»

ሁለተኛውን እንኳ እኔ ረስቼው ነበር።

 ወንድሙን ለማዳን ዓይኑን በጨው አጥቦ የዋሸ አፍ፣ እኔ ላይ ሲደርስ እውነት መናገር ቻለ። አላለቀስኩም። ፖሊሷ አንገቷን ሰበር አድርጋ በዚያ ለስላሳ ድምፅ፣ ልትረዳኝ ፈልጋ ይመስለኛል፣ «ሂልካ፣ በአድራጎትሽ ትጸጸቻለሽ?» አለችኝ።

«እንዴታ! በጣም እጸጸታለሁ እንጂ» አልኳት። «ገና ጀልባዋ መሬት ላይ ሳለች ነበር መምታት የነበረብኝ። ጥፊውን ሲያጮለው።»

ኤንሲዮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የቤቱን ቁልፍ ቸኮሌቱ ጎን አስቀመጥኩለትና ከፖሊሷ ጋር ወጣሁ።